ነጋዴውና መርማሪው፦ በመርካቶ ስለ ግብር ምርመራ የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ፥ የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ ሐምሌ በመጣ ቁጥር በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው፥ ነገር ግን በጉባኤ ተቀምጦ በእርጋታ ሲመክርበት እምብዛም የማይታይ ነገር ነው፤ ይኸውም ንግድ ፈቃዱን በራሱ ስም ያወጣ፥ ሱቁን በራሱ ጉልበት የከፈተ፥ ትርፉንም ኪሳራውንም ብቻውን የሚሸከም ግለሰብ ነጋዴ፥ የገቢዎች ኦዲተር ሒሳቡን ሊመረምር በመጣ ጊዜ ምን መብት፥ ምን ግዴታ፥ ምንስ መከላከያ እንዳለው መግለጥ ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሒሳብ ዐዋቂና ጠበቃ በደመወዝ አስቀምጠው ይኖራሉ፤ የሸማ ተራዋ ወይዘሮና የቆርቆሮ ተራው ጎልማሳ ግን ገዢውም፥ ሻጩም፥ ገንዘብ ያዡም፥ መዝገብ ጸሓፊውም ራሳቸው ናቸውና፥ ንግግሬ ከሁሉ አስቀድሞ ለእነርሱ የታሰበ ነው።

በሀገራችን በመንግሥትና በግብር ከፋይ መካከል የተነሣው ጠብ፥ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ሰው፥ ከግብሩ ከራሱ ይልቅ ከግምት የተወለደ ሆኖ ይገኛል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከክፉው ቀን ረኃብ በኋላ፥ በ1885 ዓ.ም. ገደማ፥ ወታደር በባላገሩ ቤት እየተመራ ቀለቡን መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት እንዲከፍል ሥርዐት ባቆሙ ጊዜ፥ አሳቡ ቅንና ለድኻው የሚራራ ነበረ፤ ዳሩ ግን አዝመራው ገና በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ አይቶ «ይህን ያህል ይወጣዋል» ብሎ የሚወስን ገማች በመካከል ስለ ገባ፥ የገበሬው ዕጣ ከሰማዩ ዝናብ ሌላ በገማቹ ኅሊና ላይም የተመሠረተ ሆነ። ሊቁ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ፥ የመንግሥቱ ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ ተለይቶ እንዲያዝ፥ ግብርም ልኩ ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል የመከረው፥ ልክ የሌለው አገባበር ሀገርን እንዴት እንደሚያደኸይ ስለ ተረዳ ነው። ከእርሱም በፊት ስኮትላንዳዊው የሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፥ የግብሩ መጠን፥ ጊዜውና አከፋፈሉ ለከፋዩም ለሌላውም ሰው ሁሉ የተገለጠና የተረጋገጠ መሆን እንዳለበት አስተምሮ፥ እንዲያውም ጥቂት እርግጠኛ አለመሆን ከብዙ አለመተካከል ይልቅ የከፋ ጉዳት እንደሚያመጣ ጽፏል።

የዘመናዊው የንግድ ግብር ሕግ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 60 ተጀምሮ፥ በ1953 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 173፥ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 286 እየታደሰ መጥቶ፥ በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979ና የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ታወጁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሕጉ ቢለዋወጥም የግምት ነገር አልጠፋም። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር በተተካ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያመፀው፥ ገማቾቹ ርስቱን ሊነጥቁት የመጡ መስሎት ነበረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የደረጃ «ሐ»፥ ማለትም የትንንሾቹ ነጋዴዎች፥ የቀን ገቢ በየሱቁ በዞሩ ገማቾች በተተመነ ጊዜ፥ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሱቆች እስከ መዘጋት ደረሱ፤ ነጋዴው የተነገረውን ቁጥር የተጣራ ትርፉ አድርጎ ተረዳው፥ ሹማምንቱም የተገመተው የዕለት ሽያጭ እንደ ሆነና ግብሩ በሽያጩ ሁሉ ላይ እንደማይጣል ደጋግመው ለማስረዳት ተገደዱ። የዚያን ጊዜው ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አያስገድደውም ነበረ፤ ይህ ለደካማው የተደረገ ምሕረት ይመስላል፤ እኔ ግን ምሕረቱ በውስጡ ኅቡእ የሆነ ጉዳት እንደ ነበረበት አምናለሁ፤ መዝገብ የሌለው ሰው ግምቱ በዝቶብኛል ብሎ በሚከራከርበት ዕለት ከመሐላው በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ የለውምና።

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብሩ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የማነሣቸው የገቢ ግብር መጣኔዎች ከ2008ቱ አዋጅ የተወሰዱ ምሳሌዎች መሆናቸውን ተረድታችሁ፥ እያንዳንዳችሁ የዘንድሮውን መጣኔና የተመደባችሁበትን ደረጃ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ በጽሑፍ እንድታረጋግጡ እመክራለሁ።

አሁን ወደ መርካቶ ልመለስ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ፥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ ጀምሮ እስከ አውቶቡስ ተራ የተዘረጋው ይህ ታላቅ ገበያ የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ብዙ መቶ ሺሕ ብር የሚያወጣ ዕቃ በአንድ የስልክ ጥሪ ከጅምላ ነጋዴው መጋዘን ወጥቶ ወደ ቸርቻሪው ሱቅ ይገባል፤ ዱቤው በቃል ይያዛል፤ ደላላው በቃል ያስማማል፤ እቁቡ በቃል ይጣላል፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው በመንደሩ ፊቱን ማሳየት ይቸግረዋል። ይህ መተማመን ከየገጠሩ ባዶ እጃቸውን የመጡትን ብዙ ወጣቶች ባለሱቅ ያደረገ ክቡር ሀብት ነውና፥ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ኦዲተሩ ሲመጣ የሚጠይቀው ቃልን አይደለም፤ ወረቀትን ነው። ትናንት በሁለት ወዳጆች መካከል በቂ የነበረው ቃል፥ ዛሬ በሦስተኛ ሰው ፊት ምስክርነቱን ያጣል።

በአንዋር መስጊድ የሚሰግዱ ወገኖቻችን፥ በቅዱስ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ያለው፥ ከመጽሐፉ አንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው አንቀጽ፥ የዱቤ ውል በጸሓፊና በምስክር ፊት እንዲጻፍ የሚያዝዝ መሆኑን ያውቃሉ። ራጉኤል የሚያስቀድሱትም መጽሐፈ ጦቢትን ቢያነቡ፥ ጦቢት በራጌስ ሀገር ለገባኤል በአደራ ያኖረውን ብር ያስመለሰው ከልጁ ጋራ በላከው የእጅ ጽሑፍ እንደ ነበረ ያገኛሉ፤ መንገዱን የመራው ቅዱስ ሩፋኤል ራሱ ሆኖ ሳለ እንኳ፥ ብሩ የተጠየቀው በጽሑፉ ነው። መጻፍ አለመተማመን ነው የሚለው በገበያችን የተለመደ አሳብ፥ እንግዲህ ከሁለቱም ሃይማኖቶች ትምህርት የራቀ ነው።

የጽሑፉ መጉደል ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንመልከት። አንዲት የሸማ ተራ ነጋዴ በዓመት የ1,800,000 ብር ጨርቅ ሸጠች እንበል። ጨርቁን የገዛችበት ዋጋ 1,500,000 ብር፥ የሱቅ ኪራዩ፥ የሠራተኛው ደመወዝና የጭነቱ ወጪ ተደምሮ 150,000 ብር ቢሆን፥ እውነተኛ ትርፏ 150,000 ብር ነው፤ በ2008ቱ አዋጅ መጣኔ ሲሰላም ዓመታዊ ግብሯ 34,500 ብር ይሆናል። ይሁንና ከግዥዋ የ600,000 ብሩን ዕቃ ያለ ደረሰኝ የተረከበች ከሆነ፥ ሕጉ ተቀናሽ የሚያደርገው በማስረጃ የተረጋገጠ ወጪን ብቻ ነውና፥ ኦዲተሩ ያን 600,000 ብር ከወጪዋ ይሰርዘዋል። ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ያለው ትርፏ 750,000 ብር፥ ግብሯም 244,500 ብር ይሆናል። ይህ ማለት በዓመቱ ውስጥ ያተረፈችውን ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳታስቀር ብታስረክብ፥ ገና 94,500 ብር ይጎድላታል። ግብሩን በማሳነስ የሚጣለው ቅጣት በመጀመሪያው ጊዜ ከጎደለው ግብር 10 ከመቶ፥ በሁለተኛው 30 ከመቶ፥ በሦስተኛውና ከዚያ በኋላ 40 ከመቶ እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 983 ስለ ደነገገ፥ በ210,000 ብሩ ልዩነት ላይ የመጀመሪያው ቅጣት ብቻ 21,000 ብር ነው፤ የዘገየበት ወለድ፥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነችም የዚያ ጉዳይ፥ በዚህ ላይ ይታከላል። ምርመራውም በአንድ ዓመት አይወሰንም፤ አዋጁ መሥሪያ ቤቱ እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ግብሩን እንዲያሻሽል፥ ማጭበርበር፥ ወይም ከባድ ወይም ታውቆ የተደረገ ቸልተኝነት ካለ ደግሞ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲመለከት ይፈቅድለታል።

ይህች ወይዘሮ ምን በደለች? ብዙ ጊዜ በደሏ ከጅምላ ነጋዴው የሰማችውን «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውን ቃል መቀበሏ ነው። ጅምላ ነጋዴውም በተራው ከአስመጪው ያለ ደረሰኝ፥ ወይም ከተከፈለው ዋጋ እጅግ ያነሰ ቁጥር በተጻፈበት ደረሰኝ ተረክቦ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ከላይ ጀምሮ እየወረደ መጥቶ በመጨረሻ የሚያርፈው፥ ሱቁ በመንገድ ዳር በተከፈተውና ለመርማሪ ዓይን ቅርብ በሆነው በትንሹ ቸርቻሪ ላይ ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. የከተማው ገቢዎች ቢሮ የደረሰኝ ቁጥጥሩን በመርካቶ ባጠበቀ ጊዜ፥ ያለ ደረሰኝ የተገኘ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተነዝቶ ብዙዎች ሱቃቸውን ዘግተው ነበረ፤ ቢሮውም ወሬው ሐሰት መሆኑን ለማስታወቅ ተገደደ። በእኔ አስተያየት በዚያ ሳምንት የተገለጠው ትልቁ ነገር፥ ብዙ ባለሱቆች በመደርደሪያቸው ላይ ያለው ዕቃ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት እንደሌላቸው ነው። ቁጥጥሩ ከመደርደሪያው ሳይሆን ከመጋዘኑ ቢጀምር ፍትሕ ይበልጥ ይቀርበው ነበረ።

ከደረሰኝ ቀጥሎ ግለሰብ ነጋዴን በምርመራ ጊዜ የሚያስጨንቀው የቤትና የሱቅ ገንዘብ መቀላቀል ነው። ገብረ ሕይወት ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመከረው ምክር ለባለሱቁም የተገባ ነው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የልቅሶ ዕድርና የሱቁ ኪራይ ከአንድ መሳቢያ ሲወጡ፥ የትኛው የንግዱ ወጪ እንደ ሆነ ባለቤቱም ራሱ አያውቀውም። ኦዲተሩ የባንክ ሒሳባችሁን ሲመለከት ደግሞ የገባውን ገንዘብ ሁሉ ሽያጭ አድርጎ ሊጠራጠር ይችላል። እቁብ ወጥቶላችሁ 300,000 ብር በአንድ ቀን ብታስገቡ፥ ያ ገንዘብ በየሳምንቱ ከራሳችሁ ኪስ የወጣ መሆኑን በምን ታስረዳላችሁ? በውጭ ሀገር ያለች እኅታችሁ ለእናታችሁ ሕክምና የላከችው ገንዘብ፥ የአጎታችሁ ልጅ ያበደራችሁ፥ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ራሳችሁ ያዛወራችሁት፥ በቴሌብር ለጎረቤት ባለሱቅ ተቀብላችሁ ያስተላለፋችሁት ሁሉ፥ በባንኩ ዝርዝር ላይ ሲታይ ከሽያጭ ገንዘብ የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይኑራችሁ፤ የእቁቡ ጸሓፊ የእያንዳንዱን አባል ክፍያና የደረሰውን ዕጣ በደብተር ጽፎ በየጊዜው ያስፈርም፤ ብድርም በወንድማማች መካከል ቢሆን እንኳ በአንድ ገጽ ወረቀት ውል ይታሰር።

የመዝገቡ አያያዝ ራሱ ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጽናትን ይጠይቃል። የዕለቱ ሽያጭ በዕለቱ ይጻፍ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያላችሁም የዕለቱን የሽያጭ ማጠቃለያ (ዜድ ሪፖርት) ሳታወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 በሱቅና በመጋዘን ያለው ዕቃ በዓይነትና በዋጋ ተቈጥሮ ይፈረምበት፤ ያልተሸጠው ዕቃ ካልተቈጠረ እንደ ተሸጠ ሆኖ ሊታሰብ ይችላልና። አንድ ድርጅት ከእናንተ ሲገዛ ቅድመ ግብር ቈርጦ ካስቀረ፥ ወረቀቱን በዚያው ሰዓት ተቀበሉት፤ ያ ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለ ግብራችሁ ነው፤ ወረቀቱ ከጠፋ ግን ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ቀለሙ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ ስለዚህ በፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ቅጂውን አኑሩ። አዋጅ ቁጥር 983 ሰነዶች የግብር ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት፥ የንግድ ሕጉ የሚያዝዘው ዘመን የሚረዝም ከሆነም እስከዚያው ድረስ እንዲጠበቁ ያዝዛል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለ እሳት ሸቀጡ ሲነድ ደረሰኙና ደብተሩም አብረው ይነዳሉ፤ ስለዚህ የሰነዱ ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል፤ ጉዳት የደረሰበትም ሰው ወዲያውኑ ከፖሊስና ከወረዳው ማስረጃ ጽሑፍ አውጥቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቅ።

እንግዲህ መርማሪው መጣ እንበል። በመጀመሪያ፥ ምርመራ ክስ እንዳልሆነ ልብ አድርጉ። ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ ሹም ወደ ንግድ ቦታ የመግባትና ሰነድ የማየት ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ባለሱቁ ግን የሹሙን የጽሑፍ ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው፤ ፈቃዱን ማሳየት ያልቻለ ሰውም በዚያ ስፍራ ሊቈይ አይገባውም። ይህን ጥያቄ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ በመርካቶ የገቢዎች ሠራተኛ ነኝ እያሉ የሚዞሩ አታላዮች ስለማይጠፉ፥ ለእውነተኛው ሹም ክብርም የሚበጅ ነው። ሰነድ ስታስረክቡ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ተረካቢውን አስፈርሙ፤ ዋናውን ሰጥታችሁ ቅጂውን አስቀሩ። ለተጠየቃችሁት መልስ ስጡ፤ የማታስታውሱትን ነገር በግምት አትመልሱ፤ «መዝገቤን አይቼ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው። በጭንቀት ሰዓት ከአፍ ያመለጠ የሽያጭ ቁጥር፥ በኋላ ከመዝገቡ ጋራ ሳይገጥም ሲቀር፥ እውነተኛውን መዝገብ ሐሰተኛ ያስመስለዋል። ኦዲተሩ ሥራውን ሲፈጽም ያገኘውን ግኝት ከመወሰኑ በፊት እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ፤ ብዙ አለመግባባት በዚህ ውይይት ላይ ያለ ክርክር ይፈታል።

የውሳኔው ማስታወቂያ በእጃችሁ ከደረሰ በኋላ ግን የቀን ቆጠራ ይጀመራል፤ ከዚህ በላይ የምለምናችሁ ነገር የለምና ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በአዋጅ ቁጥር 983 መሠረት በውሳኔው ያልተስማማ ግብር ከፋይ ማስታወቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለቅሬታ አጣሪው ክፍል ማቅረብ አለበት። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ከጠየቀ፥ ከ10 ቀን ያልበለጠ ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቀድለት ይችላል። ማስታወቂያው ለሱቁ ልጅ ተሰጥቶ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ እንደ ሆነ፥ ወይም ባለሱቁ ነገሩ በምልጃ ያልቃል ብሎ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ፥ የተሳሳተው ግብር እንኳ የጸና ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማስታወቂያውን የተቀበላችሁበትን ቀን በወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ በሱቃችሁ የምትተዉት ሰው ሁሉ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በዚያው ቀን እንዲያደርሳችሁ አዝዙት።

ቅሬታው «በዝቶብኛል፥ ይታይልኝ» የሚል አቤቱታ ቢሆን አይጠቅምም። ሕጉ የሚጠይቀው ቅሬታው የተመሠረተበት ምክንያት፥ እንዲታረም የሚፈለገው መጠንና ማስረጃው በትክክል እንዲገለጥ ነው፤ ያልተካደው የግብር ክፍል መከፈሉም ግዴታ ነው። በምሳሌያችን ያለችው ወይዘሮ 34,500 ብሩን ከፍላ፥ የ600,000 ብሩ ግዥ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳየውን የባንክ ማስተላለፊያ፥ የጭነት ወረቀት፥ የመጋዘን መረከቢያና የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አያይዛ በአንድ በአንድ ትጽፋለች። ይህ ሁሉ የደረሰኙን ቦታ ምሉዕ በሆነ መንገድ ላይተካ ይችላል፤ ዝም ብሎ ከመቀበል ግን እጅግ ይሻላል። መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፥ ወይም የሰጠው መልስ ካላረካ፥ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፤ ከኮሚሽኑም በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል።

በዚህ ላይ ስለ አንድ ሥርዐት አሳቤን በግልጥ መናገር አለብኝ። ወደ ይግባኝ ኮሚሽኑ ለመግባት ከአከራካሪው ግብር 50 ከመቶ፥ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመግባት 75 ከመቶ አስቀድሞ መከፈል አለበት። ዓላማው ክርክር ግብርን ለማዘግየት መሣሪያ እንዳይሆን ነው፤ ይህን እረዳለሁ። ነገር ግን ያቺ ወይዘሮ 105,000 ብር ሳታስይዝ በኮሚሽኑ ፊት ልትቆም አትችልም፤ የዓመቱ እውነተኛ ትርፏ 150,000 ብር በሆነ ሰው ላይ የተጣለ 105,000 ብር የፍትሕን ደጅ ይዘጋል። ለኩባንያ የሚከብደው ሸክም ለግለሰብ ነጋዴ የማይቻል ነውና፥ ሕግ አውጪዎች ለትንንሾቹ ነጋዴዎች ዝቅ ያለ መያዣ ወይም የንብረት ዋስትና እንዲፈቅዱላቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ፥ የመጀመሪያው የ21 ቀን ቅሬታ ይህን መያዣ የማይጠይቅ ስለ ሆነ፥ የትንሹ ነጋዴ እውነተኛ ችሎት እርሱ ነው፤ ኃይላችሁንም ማስረጃችሁንም ሁሉ በዚያ ላይ አውሉት። መክፈል ግዴታ የሆነባችሁን በአንድ ጊዜ መክፈል የማትችሉ እንደ ሆነም፥ ጊዜው እንዲራዘም ወይም በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል በጽሑፍ መጠየቅ በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ለብዙ ሰዎች ሱቅ ከመዘጋት የሚያድነውም ይህ ነው።

በቢሮዎች ደጃፍ ስለሚቆሙት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ብዙ አልናገርም። «ሰው አለኝ፥ አስቀንስልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ይወስዳል፥ በወንጀልም ያስገባችኋል፤ ጉቦ የሚሰጠውም እንደሚቀበለው በሕግ ይጠየቃል። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሸጥላችሁም ከእርሱ አይሻልም፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ግብር ያስጨምራል፥ በሐሰተኛ ደረሰኝ የተደገፈ ዕቃ ግን ወደ እስር ቤት ይወስዳል። ረዳት ካሻችሁ ፈቃድ ያለው የግብር ወኪል ወይም የታወቀ የሒሳብ ዐዋቂ ፈልጉ፤ እርሱ የሚጽፈውንም ሳታነቡ አትፈርሙ፤ በፊርማችሁ ሥር ያለው ስሕተት የእናንተ ነውና።

ለኦዲተሮችም አንድ ቃል አለኝ። በምትገቡበት በእያንዳንዱ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል ሰው ቤተሰብ አለ፤ የምትጽፉት ቁጥር ለመንግሥት ከብዙ አንዱ ሲሆን ለእርሱ የዓመት ኑሮው ነው። ግምት መጠቀም ግድ ሲሆንባችሁ የገመታችሁበትን መንገድ በውሳኔው ላይ ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ ያልተዘረዘረ ግምት መልስ ሊሰጡበት አይቻልም፥ መልስ የማይሰጡበት ውሳኔም ርትዕ ሊባል አይችልም።

የመጨረሻው ቃሌ በዚህ ገበያ ራስ ላይ ለተቀመጣችሁ ለአስመጪዎችና ለጅምላ ነጋዴዎች ነው። ከእናንተ እጅ ዕቃ የሚረከበው ቸርቻሪ ደረሰኝ ለመጠየቅ ይፈራችኋል፤ ዱቤው ከእናንተ ነው፥ የሚቀጥለው ሳምንት ዕቃም በእናንተ ፈቃድ ነውና። ሳይጠይቃችሁ፥ የተቀበላችሁትን ሙሉ ዋጋ ጽፋችሁ፥ ስሙንና መለያ ቁጥሩን ሞልታችሁ፥ ደረሰኙን ከዕቃው ጋራ ስጡት፤ ነጋዴ ማኅበራትም ይህን የአባልነት ግዴታ አድርጋችሁ እንድታጸኑት እለምናችኋለሁ።